ምርጊቱን ይዤ ወጣሁ

ቆቦን በአውቶብስ መስኮት ብቻ የሚያውቅ መንገደኛ፣ ከተማዋ ብርድ አላት ቢሉት አያምንም። ቀትር ላይ ይወርዳል፣ ላቡን እየጠረገ ምሳውን ይበላል፣ ውሃ ገዝቶ ይሳፈራል። በታህሳስ ማለዳ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቢነቃ ግን ሌላ ወሬ ይዞ ይሄድ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለው ቆርቆሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ከደጋው ጫፍ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት እየገባ ቤቱን ይዞረዋል። ለጤነኛ ሰው አንድ ጋቢ የሚመልሰው ብርድ ነው። ለአባቴ ግን ጋቢ አይመልስለትም ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ከጎብዬ ወዲያ ማሽላ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ መገጣጠሚያው ሁሉ ያዘው። ሲበርደው ጣቶቹ ይቆለፋሉ፤ የኮቱን ቁልፍ እንኳ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። ብቻውን መኖር ሲያቅተው ወደ እኔ አመጣሁት። ጤና ጣቢያ ያየችው ነርስ መድኃኒት ከሰጠችው በኋላ እኔን ወደ ጎን ጠርታ፣ "ዋናው ነገር እንዳይበርዳቸው ነው፤ የሚያድሩበትን ቤት አስቢበት" አለችኝ።

ያን ጊዜም እንደ አሁኑ የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። በገበያው መግቢያ፣ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ የልብስ መኪናዬን ዘርግቼ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ በዓል ሲቃረብ የልጆች ቀሚስ እሰፋለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ ሁሉም ነገር ዋጋው ሌላ ሆኖ ስለነበር፣ ኪሴ የሚችለው ቤት ወይ ከከተማ ወጣ ብሎ ነፋስ የሚያላጋው፣ ወይ ሰው የሸሸው ነበር። የሸሹትን ያዝኩ።

ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለች ነጠላ ክፍል ነበረች። የዳቦ ቤቱ የእንጨት ምድጃ ጀርባው የክፍሏ ግድግዳ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ውስጧ መቀመጥ አይቻልም፤ ተከራይ ገብቶ ክረምት ሳያይ ይወጣል። ባለ ዳቦ ቤቱ፣ አከራያችን ማለት ነው፣ ሲያሳየኝ እንኳ እያፈረ ነበር።

"ሙቀቱን ከቻልሽው ግቢባት" አለኝ።

"እኔ እኮ ለሙቀቱ ስል ነው የምይዛት፣ ጋሼ" አልኩት።

አነጋገሬን አልወደድኩትም፤ ሳይውል ሳያድር ነው የጸጸተኝ። ለነጋዴ የምትፈልገውን ነገር በአፍህ መንገር ዋጋውን ጨምር ማለት ነው።

ክፍሏ ሙቀት ብቻ አልነበራትም። የምድጃው ግድግዳ ጭቃ በእሳቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በየስንጥቁ ውስጥ በረሮ ሞልቶበታል። እንደዚያ ያለ በረሮ አይቼ አላውቅም። መብራት ባጠፋን ቁጥር ደረቅ ቅጠል የሚረገጥ የሚመስል ድምፅ ይጀምራል። አልጋ ላይ ይወጣሉ፣ የዱቄት ዕቃ ውስጥ ይገባሉ፣ የአባቴ ጋቢ ውስጥ ይገኛሉ። ለአከራያችን ስነግረው፣ "የዳቦ ቤት በረሮ ንጹሕ ነው፤ ዱቄት እንጂ ሌላ አይበላም" ብሎ ሳቀ።

የሚያደርገው ነገር እንደሌለ ስናውቅ እኔና አባቴ ተነሳን። ከወንዙ ዳር የሸክላ አፈር በጋሪ አስመጣሁ። ከአባቴ ወንድም የጤፍ ጭድ ለመንኩ። ከኒም ዛፍ ቅጠል ለቅሜ ቀቀልኩና ውሃውን ከነቅጠሉ ጭቃው ላይ ደፋሁት፤ አመድና እበትም ጨመርኩበት። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ "ገና ነው፤ ርገጪው፤ ሲሸት ነው የሚበስለው" ይለኛል። ቀሚሴን ሰብስቤ እረግጣለሁ። ጭቃው ግቢው እስኪሸት ድረስ ቆየ። ከዚያ ስንጥቁን ሁሉ ጠቅጥቄ፣ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ደራርቤ መረግሁት፤ ሲደርቅ በድንጋይ አለሰለስኩት።

ምርጊቱ ካለቀ በኋላ ማረፍ አቃተኝ። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያዎች ከገበሬዎች ገዝቼ አጠብኳቸው፤ ፈትቼ በልብስ መኪናዬ ገጣጠምኳቸውና ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ አድርጌ ወጠርኩ። ከበሩ ሥር የአሮጌ መኪና ጎማ ላስቲክ ቸነከርኩ። ከስፌት የተረፈኝን ቁርጥራጭ ጨርቅ ረጅም ከረጢት ሰፍቼ ሞላሁበትና መስኮቱ ጫፍ ላይ አጋደምኩት። ክፍሏ ሌላ ቤት ሆነች። በረሮ ጠፋ። አባቴ ጀርባውን ለምድጃው ግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ጣቶቹ ይፈቱለታል። አንድ ማለዳ ከውጭ ስመለስ ኮቱን ራሱ ቆልፎ አገኘሁት። እሱም እንዳየሁ ያውቃል፣ እኔም ማየቴን እንዳወቀ አውቃለሁ።

ግንቦት ሲመጣ እንደ ተባለው ሆነ። ክፍሏ አቃጠለችን። ጠፍር አልጋውን አውጥተን ግቢ ውስጥ ማደር ጀመርን። አከራያችን መጥቶ፣ ግቢው የጋራ እንደሆነ፣ ማደሪያ ካደረግነው ለብቻው እንደሚታሰብ ነገረኝ። ከፈልኩ። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ሌላ ይዞ መጣ።

"ግድግዳሽን የሚያሞቀው የእኔ እንጨት ነው" አለኝ። "የእንጨት ዋጋ ታውቂያለሽ። በነጻ አይሆንም።"

"እርስዎ እንጨቱን የሚያነዱት ለዳቦ ነው እንጂ ለእኛ ነው እንዴ፣ ጋሼ? በግንቦትስ ያው ሙቀት ነበር አውጥቶ ግቢ ያሳደረን።"

"እሱ የግንቦት ነው።"

በግንቦት ከሙቀቱ መሸሻውን፣ በኅዳር ሙቀቱን ራሱን እያስከፈለኝ ነበር። ንዴቴን ዋጥኩት፤ አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማን ነበርና። ከፈልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ይህን ሰው ስሰላም ልቤ ሌላ ነገር ይላል።

በተከታዩ ዓመት ታህሳስ ላይ የአከራያችን ልጅ ሊያገባ ሆነ። ሠርጉ ጥር ነበር። አንድ ከሰዓት አከራያችን ከሚስቱ ጋር መጥቶ ሳያንኳኳ ገባ። ሚስቱ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች። ኮርኒሱን ቀና ብላ አየች። "እንዴት ያለች የሙሽራ ቤት ሆናለች!" አለች ለባሏ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፤ አባቴም ተቀምጧል። አንዳቸውም ወደ እኛ አልዞሩም።

በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ቤቷን ለልጄ ፈልጌያታለሁ፤ እስከ ጁምዓ ልቀቂ" አለኝ።

"ጋሼ፣ ብርዱ ይለፍ። የካቲት ሲገባ እኔው ራሴ እወጣለሁ። አባቴን ያውቁታል።"

"ቆቦ ውስጥ በብርድ የሞተ ሰው አለ እንዴ?" አለና ሳቀ። ሰልፉ ላይ ያሉ አንድ ሁለት ሰዎች አብረውት ሳቁ። ከኋላዬ የቆመው አናጢ ጎረቤታችን ብቻ አልሳቀም።

"ሽማግሌ ነው እኮ።"

"ሁላችንም ሽማግሌ አለን" አለ። ዳቦውን ሰጠኝ፣ ከዚያም ጣቱን ቀስሮ፣ "ደግሞ ያንቺ የሆነውን ሁሉ ጠርገሽ ውጪ። ኋላ ይሄን ረሳሁ ያን ረሳሁ ብለሽ ሙሽሮቹን እንዳታንኳኪባቸው። ያንቺ የሆነ አንድ ነገር እንዳላይ" አለ።

ዳቦውን ይዤ ወጣሁ። አንድ ሁለት እርምጃ ተራምጄ ቆምኩ። የተናገረውን በልቤ ደገምኩት። ያንቺ የሆነውን ሁሉ። መጀመሪያ የመጣልኝ ኮርኒሱ ነበር፤ ቀጥሎ የበሩ ላስቲክ። ከዚያ ግድግዳው መጣልኝ። እዚያው መንገድ ላይ ለብቻዬ ፈገግ እንዳልኩ ትዝ ይለኛል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስለ መልቀቁ ማልቀስ አልመጣልኝም። ቤት ስፈልግ፣ ዕቃ ስሸክፍ፣ ደንበኛ ሳስተናግድ ሳይቀር የማስበው ጁምዓን ነበር። ሰው በዓል እንደሚጠብቅ ጠበቅኩት።

ያገኘሁት ቤት ወደ ሮቢት መውጫ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ግድግዳው ወዲህና ወዲያ ያሳያል፤ ጣሪያው ላይ የሚንኳኳ ቆርቆሮ አለው። አባቴን ጠዋት በባጃጅ አድርሼ፣ ፀሐይ የሚመታው በኩል አስቀምጬ፣ ከአንድ ባለ ጋሪ ጋር ተመለስኩ። አልጋና ዕቃችንን ጫንን። ባለ ጋሪው አለቀ ብሎ ገመዱን ሊያጠብቅ ሲል፣ "ቆይ፣ ገና አለ" አልኩት። ዶማና አካፋ ተውሼ ነበር።

ኮርኒሱን አወረድኩ። የበሩን ላስቲክ በመንቀያ ነቀልኩ። ከዚያ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ የምድጃውን ግድግዳ መላጥ ጀመርኩ። ጥሩ አድርጌ መርጌው ስለነበር በቀላሉ አልወጣም፤ ሲወጣ ግን በትልልቅ ገበታ ይወድቅ ነበር። እያንዳንዱ ሲወድቅ ከውስጤ የሆነ ነገር አብሮ ይወጣል። ስንጥቆቹ ከአንድ ዓመት በላይ በኋላ እንደገና ብርሃን አዩ። የጠቀጠቅኩትን ሳይቀር በመሮ እየጎረጎርኩ አወጣሁት። የኔ ጭቃ እስከየት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእሱ ቀይ ነበር፣ የእኔ ግራጫ ነው። ከቀዩ አንዲት ቁራሽ አልነካሁም።

ባለ ጋሪው ጆንያ እየሞላ፣ "ምንድነው የምንጭነው?" አለኝ።

"ጭቃ።"

"ጭቃ ቆቦ ውስጥ ጠፍቶ ነው?"

"ይኼ የኔ ነው።"

ትከሻውን ነቀነቀና ሞላ።

ድምፁን ሰምቶ አከራያችን በዱቄት ነጭ የሆነ እጁን እያራገፈ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ ግድግዳውን አየ፤ እኔን አየ።

"ምን እያደረግሽ ነው? ቤቴን አፈረስሽው እኮ!"

"አንተ ነህ ያልከኝ" አልኩት። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንተ ብዬው አላውቅም ነበር። ከአፌ ሲወጣ ለእኔም እንግዳ ሆነብኝ፤ ግን ጣፈጠኝ። "የራስሽን ሁሉ ጠርገሽ ውጪ አልከኝ። አፈሩ የኔ፣ ጭዱ የኔ፣ ኒሙ የኔ። የመረገችውን እጄንም ይዤያት እየሄድኩ ነው።"

"ፖሊስ እጠራለሁ።"

"ጥራ። ሰልፉ ላይ የነበረውንም ሰው ጥራ።"

አናጢው ጎረቤታችን ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ያይ ነበር። አከራያችን ወደ እሱ ዞሮ፣ "ተመልከት እስቲ የምታደርገውን!" አለው።

"ብለሃታል እኮ" አለ አናጢው ረጋ ብሎ። "እኔም ሰምቻለሁ።"

አከራያችን ከበሩ ፈቀቅ አለ። እኔ ግን አልቸኮልኩም። ወለሉን ጠረግሁ፤ የኔን ግራጫ ትቢያ ሳይቀር በአካፋ አንስቼ ጆንያ ውስጥ ከተትኩ። ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

አዲሱ ቤት ከደረስን በኋላ አባቴ ጆንያዎቹን አይቶ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

"ለአላህ ብትተይው ምን ነበረበት?" አለ።

"ለአላህ የተውኩትም አለ። ይቺ የእኔ ድርሻ ናት።"

አባቴ አልሳቀም። ፊቱን ወደ ፀሐይዋ መለሰ።

ጭቃውን ደቁሼ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ አዲስ ጭድ ጨምሬ አዲሱን ቤት መረግሁበት፤ ለአልጋው በኩል ላለው ግድግዳ ብቻ በቃኝ። ለሌላው ከአጎቴ ዘንድ የማሽላ አገዳ አስጭኜ በውጭ በኩል አቆምኩና ከነፋሱ ከለልኩት። ኮርኒሱን እንደገና ቀድጄ እንደገና ሰፍቼ ወጠርኩ። ከሰል ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ጨርሶ ሲወጣ ማንደጃውን አስገባለሁ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ቤቱ ለብ ሲል መልሼ አወጣዋለሁ። ለአባቴ አሸዋ በብረት ድስት አሙቄ ወፍራም ጨርቅ ከረጢት ውስጥ እየጨመርኩ ጉልበቱ ላይ አደርግለታለሁ። አሸዋ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ያ የምድጃ ግድግዳ አልነበረም። ጣቶቹ እንደገና ተቆለፉ። ጠዋት ጠዋት ኮቱን ስቆልፍለት፣ በየቁልፉ ያንን ሰው እረግመዋለሁ። ምርጊቱን ከላጥኩ በኋላ ንዴቴ ይወጣልኛል ብዬ ነበር። ባሰበት።

ሠርጉ ተሠርጎ አለፈ። ሙዚቃውን ከበረንዳዬ ሆኜ ሰማሁት። ጥር ሳይወጣ አንዲት ልጅ እግር ሴት እጇ ላይ ገና ሂና ያልለቀቀላት፣ ቀሚስ በላስቲክ ይዛ በረንዳዬ ድረስ መጣች። ሙሽራ መሆኗ ያስታውቃል። የሮቢት ልጅ እንደሆነች ነገረችኝ። ቀሚሷ ክንዱ አካባቢ ተበልቶ ነበር።

"ምን በላው?" አልኳት።

ግራ ቀኝ አየች። "ማንም እንዳይሰማ፤ በረሮ ነው መሰለኝ። የገባሁበት ቤት ግድግዳው በረሮ ነው። ዳቦ ቤት ጀርባ ናት። ሻንጣዬን ስከፍተው ከውስጥ ይፈሳል። ማታ ፊቴ ላይ ይሄዳል። ባለቤቴ መድኃኒት ረጨ፤ የሞተው ሞቶ ከምድጃው በኩል ሌላ ይመጣል። አማቴ ደግሞ 'እኛ ጋ በረሮ አልነበረም፤ ከቤትሽ ይዘሽው መጥተሽ ነው' አለችኝ።"

ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ቀና አላልኩም። ቀና ብል ፊቴን ታነበው ነበር። አዘንኩላት። እሷ ምንም አላደረገችኝም። ግን ልዋሽ አልችልም፤ ክንዱን እየጠቃቀምኩ ሳለሁ ውስጤ እየዘፈነ ነበር። ቀሚሷን አሳምሬ ሠራሁላት፤ ጥገናው የት እንደሆነ አይታወቅም።

"ከበረሮው ጋር አትኑሪ" አልኳት ስትሄድ። "ጠግነው እስኪጠሩሽ እናትሽ ቤት ሂጂ። ሙሽራ ነሽ፤ እነሱን ያስጠይቃቸዋል እንጂ አንቺን አያሳፍርሽም።"

ምክሩ ለእሷም ጥሩ ነበር። ለእኔም።

በዚያው ሳምንት ሮቢት ሄደች። ሙሽራ በወሯ ተመልሳ እናቷ ቤት ስትገባ ከተማው ዝም አይልም። ዱቄት ሊገዛ፣ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ይጠይቃል። ባለ ዳቦ ቤቱ ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰነ አሉ፤ የምድጃው ሙቀት ሲሚንቶውን ሰነጠቀውና ባሰበት። ይህን ሁሉ ደንበኞቼ ሳልጠይቅ እያመጡ ይነግሩኝ ነበር። እኔ የልብስ መኪናውን እየረገጥኩ፣ "ውይ፣ ያሳዝናል" እላለሁ።

ከዚያ ሽማግሌ ላከብኝ። አናጢው ጎረቤታችንና አንድ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ እሱ ራሱ ከኋላቸው ቆሟል። አስገባኋቸው። በርጩማ ሰጠኋቸው፤ ለእሱ ግን አልጋው ጫፍ ላይ፣ ነፋሱ በሚገባበት በኩል ቦታ አሳየሁት። ትልቁ ሰው ዱዓ አድርገው ጀመሩ።

"ልጄ፣ ሰውዬው ጥፋቱን አውቋል። የልጁ ትዳር ሊፈርስበት ነው። ያንን ምርጊት አንቺና አባትሽ ብትሠሩለት የሠራችሁበትን ይከፍላል።"

"ለእሱ እጄን ጭቃ አላስነካም" አልኩ።

አከራያችን መሬት መሬት እያየ፣ "አባ ደግሞ ብርዱ እስኪያልፍ ዳቦ ቤት ምድጃው ዘንድ ይቀመጡ። ወንበር አደርግላቸዋለሁ። ጠዋት በባጃጅ አስመጣቸዋለሁ" አለ።

አባቴ ቀና ሲል አየሁት። ቀና ማለቱን ጠላሁት።

"ቆቦ ውስጥ በብርድ የሞተ የለም ብለኸን የለም እንዴ?" አልኩት። "አባቴ አይበርደውም። ተወው።"

"ተይ እንጂ" አሉ ትልቁ ሰው።

"አይሄድም" አልኩ።

ያኔ አባቴ ተናገረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

"የተናደድሽው አንቺ ነሽ፤ የበረደኝ ግን እኔ ነኝ።"

አባቴን በሰው ፊት መቃወም አልፈለግኩም፤ መሸነፍም አልፈለግኩም። ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ውጭ ነፋሱ አገዳውን ያንኳኳው ነበር። ስመለስ የምፈልገው ምን እንደሆነ አውቄ ነበር።

"እሺ፣ አባዬ ይሂድ። እንዴት እንደሚመረግም ለሠራተኞቹ ይንገራቸው፤ እኔ የለሁበትም። ግን አስቀድሞ ይኼ ሰው ነገ ጠዋት፣ ሰልፉ ሞልቶ ሳለ፣ እኔንና አባቴን ያባረረን ለምን እንደሆነ ይናገር። ያኔ ሰው ፊት ነው ያዋረደን፤ አሁንም ሰው ፊት ነው የምፈልገው።"

"ይቅርታ ጠይቄሻለሁ እኮ" አለ።

"አልጠየቅከኝም። ሽማግሌ ነው የላክብኝ። ቢሆንም ይቅርታ አልፈለግኩም። እንዲነገር ነው የምፈልገው።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አናጢው ጢሙን አሻሸና፣ "ከባድ አይደለም እንግዲህ፤ አንድ ቃል ነው" አለው። እሱም አማራጭ አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት አባቴን በባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። አባቴ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ከመደርደሪያው ፊት ቆሜ ጠበቅነው። አከራያችን እጁን በሽርጡ ጠረገ።

"እነዚህን ሰዎች ያለ አግባብ ነው ያስወጣኋቸው" አለ፤ ለመደርደሪያው የሚናገር ይመስል ነበር።

"ከኋላ ያሉት አልሰሙም" አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ቀና አለና፣ "በብርድ ወቅት ሽማግሌ አስወጥቻለሁ። ቤቱንም ያሳመሩት እነሱ ነበሩ፤ ስላማረ ነው የነጠቅኳቸው" አለ። አሁን ሁሉም ሰማ። አንዲት አሮጊት፣ "አዬ ሰው" አሉ ከሰልፉ መሃል። ማንም አልሳቀም። እኔን ግን እስከ ሆዴ ድረስ ሞቀኝ። ከተበቀሉ በኋላ ልብ ባዶ ይሆናል ሲሉ እሰማ ነበር። የእኔ አልሆነም፤ ልቤ ሞላ። በዚያ ቀን የሰፋሁት ልብስ ሁሉ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር።

አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እስከ መጋቢት ድረስ በየጠዋቱ ሄደ። ሠራተኞቹን አፈር የት እንደሚያመጡ፣ ኒሙን ምን ያህል እንደሚቀቅሉ አሳያቸው፤ ግድግዳው ተመረገ፤ ሙሽራይቱም ተመለሰች። አባቴና ባለ ዳቦ ቤቱ ስለ ዝናብና ስለ ማሽላ ሲጫወቱ ይውላሉ አሉ። ቤት ሲመጣ ትኩስ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ይበላል።

"ብይ እንጂ፤ ዳቦው ምን አደረገሽ?" ይለኛል።

"ጠግቤያለሁ" እለዋለሁ፤ ያልበላሁ ሆኜም ቢሆን። እኔ ዳቦ የምገዛው ከዚያ ወዲህ ከገበያው ማዶ ካለችው ሴት ነው፤ መንገዱ ይረዝማል፣ ዳቦዋም ትንሽ ጠንከር ይላል።

ሙሽራይቱ ዛሬ ደንበኛዬ ናት። ነገሩን ሁሉ ኋላ ሰው ነግሯታል፤ ካወቀች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን፣ "የአማቴን ፊት ብታዪው ኖሮ" ብላ እስክትደክም ሳቀች። አማቷ በረሮ ይዘሽ መጣሽ ያለቻትን እሷ ዛሬም ይቅር እንዳላለቻት ነው የተረዳሁት። ሁለታችንም ስለዚህ ብዙ አናወራም፤ እንግባባለን።

ባለ ዳቦ ቤቱ ግን በረንዳዬ በኩል አያልፍም። ገበያ ሲወጣ አየዋለሁ፤ ከጨርቅ ነጋዴው ሱቅ በፊት ያለው ጥግ ጋ ሲደርስ በባጃጆቹ መካከል ተሹለክልኮ አስፋልቱን ይሻገርና በማዶ በኩል ይሄዳል። ፀሐዩ የሚመታው በዚያ በኩል ነው፤ ጥላው በእኔ በኩል ነው። ሥራዬን አቆማለሁ፤ ቀና ብዬ እስኪያልፍ አየዋለሁ።